የመርዶ ማቆያ ቁልፍ

ማንጠግቦሽን ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «ቁልፍ ላኪ ነኝ» ትላለች። ደሴ ውስጥ ይህን ሰምቶ ሁለተኛ ጥያቄ የሚጨምር የለም። ጠያቂው ወይ የአንዱን ዘመዱን መርዶ አስቆይቷል፣ ወይ ሌሎች እሱ ሊሰማው የሚገባውን ሳያስቆዩበት አልቀሩም። ስለዚህ ወሬውን ወደ ጭጋጉ ወይም ወደ ጤፍ ዋጋ ያዞረዋል።

የማሳወቂያ ጣቢያው ከሆጤ ሠፈር ወደ ላይ ሲወጡ፣ የጦሳን ተራራ ተደግፎ የቆመ ግራጫ ሕንፃ ነው። ውስጡ ስለሚበርድ ሠራተኛው ጋቢ ደርቦ ነው የሚውለው። የሚያገለግሉት ማሽን በአያቶቻቸው ዘመን የተገዛ ነው፤ ሠራተኞቹ ሽማግሌነቱን አይተው «ሽሜው» ይሉታል። የአገሩ ልደትና ሞት ሁሉ እሱ ዘንድ ስላለ ማንም ሊነካው አይደፍርም። ንግግር አይሰማም፣ በጣት ቢነኩትም አይገባውም። የሚያውቀው በጥንቱ የጽሕፈት ገበታ አናት ላይ ተደርድረው የነበሩትን፣ «ኤፍ» የሚል ፊደልና ቁጥር ያለባቸውን ቁልፎች ብቻ ነው። ገበታዎቹ ካለቁ ቆይተዋል። አሁን ቁልፎቹን የሚጫናቸው ስክሪፕት የሚሉት የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ ስክሪፕቱን የሚጽፉት ደግሞ እነ ማንጠግቦሽ ናቸው።

አንድ ሰው ሲሞት፣ የትም ይሙት የት፣ ሽሜው ወዲያው ያውቃል። አውቆም ይጠይቃል፦ ለቤተሰብ ይነገር? ኤፍ አንድ «ንገር» ነው፤ ኤፍ ስምንት «አቆይ» ነው። መልስ ካጣ እንደ «ንገር» ቆጥሮ ለሟቹ የቅርብ ዘመድ ስልክ ላይ ይልከዋል። «አቆይ» ካሉት ደግሞ ጥቂት ይታገስና እንደገና ይጠይቃል። ማሽኑን የሠሩት የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው፤ ሞት ከአንድ ሌሊት በላይ የሚደበቅበት አገር ይኖራል ብለው አላሰቡም።

ሽሜው ሥራ የጀመረ ሰሞን አንዲት ሴት ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጠች የባሏን ሞት ስልኳ ላይ አነበበች። ከተማው ተቆጣ። መርዶ ማለት ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ባለ ሐዘኑ ከቤት ሳይወጣ፣ ደግፎ የሚይዘው ጎረቤት አጠገቡ ተቀምጦ የሚነገር ነገር ነው። ሽማግሌዎች ጣቢያው ድረስ ወጥተው ለመኑ፤ ጣቢያውም ዘመድ እስኪሰበሰብ ኤፍ ስምንት ይላክ ብሎ ፈቀደ። ዘመድ እስከ መቼ እንደሚሰበሰብ ግን ማንም አልጠየቀ፣ ማንም አልወሰነ።

በመቆያው ጊዜ የሟቹ ስልክ ዝም ካለ ነገሩ ይነቃል። ይህም ቢሆን ማንንም አላስጨነቀም፤ ሰው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ወኪል አለው። ሥራ ላይ ላለ፣ ለተኛ፣ ወሬ ለሰለቸው ሰው በራሱ ድምፅ የሚመልስ፣ የሰውየውን ቀልድና አመል የሚያውቅ ወኪል። ሰው ሲሞትም ወኪሉ ማንም ሳያዘው መመለሱን ይቀጥላል። የሚያጠፋው የለም።

የማንጠግቦሽ ወንድም ዳምጤ ከበርበራ ወጣ ብሎ ባሕር ላይ በተዘረጋ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ላይ ጥገና ይሠራ ነበር። ከመሰላል ወድቆ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ማንጠግቦሽ ይህን ያወቀችው ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከሌሎች ስሞች መሃል ስሙን አንብባ ነው። ስሙን ደግማ አነበበችው። ከዚያ እጇ ቀደማትና ኤፍ ስምንት ላከች። ተነሥታ ሄዳ ፊቷን ታጠበች፤ ተመልሳም ለአጎቷ ደወለች። እያለቀሱ መደወል በዚህ መሥሪያ ቤት ክልክል ነው፣ ወሬው በዚያ በኩል ይሾልካልና።

አጎቷ ጋሽ መኳንንት የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ በዘመዱ ውስጥ ነገር የሚቆርጡ ሰው ናቸው። ሌላ ማን እንደሰማ ጠየቋት። ከዚያ የታናሽ እህቷ ሰርግ መድረሱን አስታወሷት፤ ድንኳን ተከራይተዋል፣ ሰው ተጠርቷል፣ ሰርጉ ይለፍ አሉ። ሰርጉ አለፈ። ወዲያው የእናትየው የዐይን ቀዶ ሕክምና ደረሰ፤ ሐኪሙ እንባ ክልክል ነው አለ። ዐይናቸው ሲሽር ሁዳዴ ገባ፤ ጾም የያዘ ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ አይችልም ተባለ። ከፋሲካ በኋላ ክረምት መጣ፣ ወገል ጤና ያሉት ዘመዶች መንገድ ተቆረጠባቸው። ደግሞ ዘመን ተለወጠ፣ በዓውደ ዓመት ሐዘን አይጀመርም። ሰበብ እንደሆነ ሞልቷል። ማንጠግቦሽ የጻፈችው ስክሪፕት ሌት ተቀን ኤፍ ስምንት እየላከ ሦስት ዓመት ሞላው።

ወይዘሮ ሽታዬ፣ እናቷ፣ በየምሽቱ ከልጃቸው ጋር ያወራሉ። ዳምጤ በሕይወት ሳለ ሁለቱ ስልክ ላይ ተገናኝተው ሳይጨቃጨቁ አይለያዩም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሳም ሲሉት ጊዜ የለኝም፣ ሲጋራውን ተው ሲሉት አንቺ ደግሞ ይህን አትተዪም ይላቸው ነበር። አሁን ግን እሺ ባይ ሆኗል። ሳም ሲሉት እሺ እማዬ፣ ሲጋራውንም ከተውኩት ቆየሁ ይላል። ወይዘሮ ሽታዬ ፊታቸው ወዛ። ልጄ ሰው ሆነልኝ ብለው ለገብርኤል ስለት አስገቡ።

ማንጠግቦሽ ምሽቱን እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ይህን ትሰማለች። አንዳንዴ እናትየው ስልኩን ያቀብሏታል፤ እሷም ከወንድሟ ድምፅ ጋር ትቀልዳለች። መጀመሪያ ላይ ስልኩን ቶሎ ትመልስ ነበር። በኋላ ለመደችው፣ መልመዷ ነው የሚያስፈራት።

አንድ ምሽት እናትየው ሚስት ልፈልግልህ አሉት። እሺ አለ። ይህን ጋሽ መኳንንትም ሆኑ ጣቢያው አላሰቡትም። ወይዘሮ ሽታዬ ጊዜ አላጠፉም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መነጽር የሠራችላቸው ልጅ ነበረች፣ ቧንቧ ውሃ ሠፈር የምትኖር፣ ህብስት የምትባል። ቁም ነገረኛ ናት፣ ሰው ታከብራለች። ስልክ ቁጥሯን ለዳምጤ ሰጡት፣ የእሱንም ሰጧት። ሁለቱ ያወሩ ጀመር፣ ተግባባን ተባለ። የልጅቷ አባት አቶ እሸቴም አልጠሉም። በመጨረሻ እሑድ ጠዋት ሽማግሌ ሊላክ ተቆረጠ፤ የሽማግሌዎቹም መሪ ሌላ ማን ይሁን፣ ጋሽ መኳንንት ሆኑ።

ማንጠግቦሽ ይህን እንደሰማች ወደ አጎቷ ቤት ገሠገሠች። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለእሑድ የሚይዙትን ከዘራ ያስተካክላሉ።

«ጋሼ፣ ለሞተ ሰው ሚስት ሊጠይቁ ነው እኮ» አለቻቸው።

ቀስ በይ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጧት። ሽማግሌ ባንድ ጊዜ መልስ ይዞ እንደማይመለስ አስረዷት፤ አንዴ ይመልሱናል፣ ደግመን እንሄዳለን፣ ቀጠሮ ይሰጡናል፣ እስከዚያ እናትሽ ትበረታለች። እሺ ካሉስ አለቻቸው። ቀኑን እናርቀዋለን አሉ። ልጅቷስ? አለቻቸው። ከዘራውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንዴት ብዬ ነው እናትሽ ፊት ቆሜ የምናገረው? ሦስት ዓመት ሙሉ ዳምጤ ደኅና ነው ወይ ስትለኝ ደኅና ነው እያልኩ ቤቷ በልቼ ጠጥቼ ወጥቻለሁ። ያኔ ብነግራት ወንድሟ ነበርኩ። ዛሬ ብነግራት ምኗ ነኝ?»

 ይህ ጥያቄ የማንጠግቦሽም ጥያቄ ነበር። ሳትሰናበታቸው ከግቢው ወጣች።

ዓርብ ከሰዓት ሥራ ቦታዋ ላይ የዳምጤን ስክሪፕት ከፈተች። አጭር ነው። ጥያቄውን ጠብቅ፣ ኤፍ ስምንትን ላክ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለስ ይላል፤ ሌላ የለውም። ኤፍ ስምንት ለሰው አንድ ቁልፍ ይመስላል እንጂ መስመሩ ላይ ሲወጣ ተከታትለው የሚሄዱ ጥቂት ምልክቶች ነው። የመጀመሪያው ምልክት ብቻውን ከደረሰ ለሽሜው «ትቻለሁ፣ ልውጣ» ማለት ነው። ተከታዮቹ ቶሎ ከደረሱለት ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ «አቆይ» ብሎ ያነበዋል። መሃል ላይ መስመሩ ትንሽ ከተንቀራፈፈ ግን የመጀመሪያውን ለብቻው ወስዶ ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ መልስ እንዳጣ ስለሚቆጥር መርዶው ሄደ ማለት ነው። አምና የአንዲት ባልደረባዋ መስመር እንዲህ ተንቀራፍፎ፣ ሮቢት ሠፈር አንድ ቤት ክርስትና እየተበላ የአያትየው ሞት ለእናትየው ደረሳት። የመስመር ችግር ነው ተባለ፣ ማንም አልተጠየቀም።

ማንጠግቦሽ በመጀመሪያው ምልክትና በተከታዮቹ መሃል «ትንሽ ቆይ» የሚል አንድ መስመር አስገባች። ማስቀመጥ ብቻ ቀራት። ሽሜው በሚቀጥለው ጥያቄው ራሱ ይጨርሰዋል። እሷ አፍ አውጥታ ምንም አትናገርም፣ አጎቷም እፎይ ይላሉ፣ መስመሩ ይወቀሳል። ለአንድ ሰው ይህን ያህል የተመቸ ነገር አይታ አታውቅም።

እናቷ በዚህ ሰዓት የት እንዳሉ ግን ታውቃለች። ሰኞ ገበያ የሚባለው ሠፈር ናቸው፣ ለሽማግሌዎቹ ምሳ ሽንኩርት ይመርጣሉ። ስልካቸው ይንጫጫል፤ የልጃቸው መስሏቸው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ያወጡታል። የሚላከውን ጽሑፍ በቃሏ ትወጣዋለች፦ ስም፣ የሞተበት ቦታ፣ ምክንያት፣ ከዚያ «መጽናናትን እንመኛለን»። ደግፎ የሚይዛቸው ሽንኩርት ሻጩ ነው። ማንጠግቦሽ ያስገባችውን መስመር አጥፍታ ስክሪፕቱን እንደነበረ መለሰችው። እሑድ ጠዋት ለእናቷ በአፏ እስክትነግራቸው ይሥራ፤ ከዚያ በኋላ ኤፍ አንድን ራሷ ትልከዋለች። ይህን ስትወስን ፈራች፣ ፍርሃቷንም ለማንም አልደበቀችም፤ አጠገቧ ያለችው ባልደረባ ምን ሆነሽ ስትላት ለእናቴ ልነግራት ነው አለች። ባልደረባዋ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ወደ ስክሪኗ ዞረች።

ቅዳሜ ወደ ህብስት የመነጽር ሱቅ ሄደች። ህብስት ረጅም፣ ዝግ ያለች ልጅ ናት፤ ምራቴ ትሆናለች የተባለችው ለምን እንደሆነ ሲያዩዋት ይገባል። ማንጠግቦሽ ነገሩን ሳታሽሞነሙን ነገረቻት። ህብስት የምትወለውለውን መነጽር አስቀመጠች።

«ሞቷል?»

«አዎ። ሦስት ዓመቱ።»

ህብስት ባንኮኒው ላይ አቀረቀረች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ያለው ሐዘን ይሁን ሐፍረት ማንጠግቦሽ መለየት አልቻለችም።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም አንድ ቀን እንኳ አላነጋገርኩትም። ሥራ በዝቶብኝ ወኪሌ ናት ስታወራው የከረመችው። ጥሩ ሰው ነው፣ ይስማማሽማል አለችኝ። ሲመጣ በአካል አወራዋለሁ ብዬ ነበር።»

ሁለቱ ተያዩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁበት ነበር። ህብስት ለእናትየው ማን እንደሚነግራቸው ጠየቀቻት፤ ማንጠግቦሽ እኔ ነኝ አለች። ዘመድስ? አጎቷ እምቢ ማለታቸውን፣ ጎረቤቱም ሁሉ ነገሩን እያወቀ አንዱ አሞኛል፣ አንዱ እንግዳ አለብኝ ማለቱን ነገረቻት። ህብስት ሱቁን ቀደም ብላ ዘጋችና ነጭ ነጠላ እንዳላት ለማየት ወደ ቤቷ ሄደች። ልጄ ሲሉኝ ከርመዋል፣ ብቻሽን አትሄጂም ነው ያለቻት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ሁለቱ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ከወይዘሮ ሽታዬ በር ሲደርሱ አንድ ሰው አጥሩ ሥር ቆሟል። ጋሽ መኳንንት ናቸው። ለሽምግልናው ያዘጋጁትን አዲስ ጋቢ ለብሰዋል፣ ከዘራቸውን ይዘዋል። ዐይናቸው እንቅልፍ እንዳላየ ያስታውቃል። ምንም ሳይናገሩ ከኋላቸው ተከተሉ። በሩ ሲንኳኳ የሰሙ ሁለት ጎረቤቶችም ካሉበት ወጡ፤ አሞኛል ያለችውም አለችበት።

ወይዘሮ ሽታዬ በሩን የከፈቱት ለሽማግሌዎቹ ምሳ ከተነሡበት ሥራ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ወደ ኋላ ተመልሰው ራሳቸው መደብ ላይ ቁጭ አሉ።

«ማን ነው?» አሉ።  መልስ ሳይጠብቁ ስም ይጠሩ ጀመር። ወገል ጤና ያለችው እህታቸው ናት? የሠፈሩ ቄስ ናቸው? ታናሽ ልጃቸው በወሊድ ይሆን? ማንጠግቦሽ በየስሙ አይደለም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ወይዘሮ ሽታዬ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ዳምጤን እንኳ ትናንት ማታ አነጋግሬዋለሁ። እሱ ደኅና ነው፣ ተመስገን» አሉ።

ማንጠግቦሽ እግራቸው ሥር ተንበረከከች፤ ሁለቱንም እጃቸውን ያዘች። ህብስት ከጎናቸው ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ወኪሉ ነው ያነጋገረሽ።»

ወይዘሮ ሽታዬ ልጃቸውን አዩዋት። ቀጥሎ ወንድማቸውን አዩ፤ ጋሽ መኳንንት ከበሩ አላለፉም፣ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። ያን ጊዜ ገባቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁ፤ ማንጠግቦሽ ከሰርጉ በፊት አለች። ሰርግ የተባለው የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው በታናሽ ልጃቸው ሰርግ ቀን እንዴት እንደጨፈሩ፣ ዳምጤ መምጣት ስላልቻለ ጭፈራውን በስልክ እንዳሰሙት አስታወሱና እጃቸውን ከልጃቸው እጅ አወጡ።

«እኔ ሰው ሆነልኝ ብዬ ነበር» አሉ። «እሺ ማለት ለመደ ብዬ ስለት አስገብቻለሁ። የእኔ ልጅ እኮ እሺ አይልም ነበር፤ እናቱ ነኝ፣ እንዴት ጠፋኝ?»

ጎረቤቶቹ ሊደግፏቸው ተጠጉ፤ ወይዘሮ ሽታዬ ግን አልወደቁም። እንባም አልወጣቸውም። ሲጠብቀው የነበረውን ጩኸት ያጣው ሰው ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ማን አለቀሰለት?»

 ጋሽ መኳንንት ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ሊተያዩ እንኳ ፈሩ፤ ለካ እዚያ የቆመው ሁሉ ያውቃል፣ ያወቀም ሁሉ ወይዘሮ ሽታዬ እንዳይነቁበት ፊቱን ሲያስተካክል ነው የኖረው። ድንኳን አልተተከለለት፣ እድር አልተጠራለት። ዳምጤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ አንድ ሰው እንባ መሬት ውስጥ ነው።

«አንቺስ?» አሉ ወይዘሮ ሽታዬ ወደ ልጃቸው ዞረው። «እህቱ አይደለሽም?»

«አላለቀስኩም እማዬ። ታውቂብኛለሽ ብዬ።»

 ወይዘሮ ሽታዬ ተቆጥተዋል፣ ቁጣቸውም እዚያ ለቆመው ሁሉ የሚደርስ ነው፤ ለእሱ ግን ሌላ ቀን አለው። ቀስ ብለው ተነሥተው ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። ጎረቤቶቹን በሩን እንዲከፍቱት፣ ወንድማቸውንም ገብተው እንዲቀመጡ አዘዙ። ከዚያ ማንጠግቦሽን ከተንበረከከችበት አንሥተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ቀድመሽ የሰማሽው አንቺ ነሽ» አሏት። «አንቺ ጀምሪ።»

ማንጠግቦሽ አፏን ከፈተች።  የወንድሟን ስም ጠርታ ጮኸች። እናቷም ተከተሏት።